ሮብ ገበያ ያልኩት

ግንቦት 9

መብራት የለም። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስጠቀልል ዋልኩ። አያቴ አባባ እንድሪስ ደግሞ ካርታ ሲስል… ካርታ ከተባለ። በብስኩት ካርቶን ላይ ሦስት ክብ ሠርቶ በመስመር አገናኛቸው። «ይቺ ሞጣ፣ ይቺ ሮብ ገበያ፣ ይቺ ባሶ።» «ጮቄስ?» ስለው ካርቶኑ የታጠፈበትን አሳየኝ። ያን የሚያህል ተራራ፣ የብስኩት ካርቶን እጥፋት።

ዕቅዱ ይኸው። ከሞጣ በመኪና ሮብ ገበያ። እዚያ የድሮ ጓደኛው ጋሽ ያየህ ሁለት በቅሎ ይዘው ከቢቸና ይመጣሉ። ከዚያ ቁልቁል ባሶ፣ የአባባ አባት ቡና ጭኖ ይነግድበት የነበረ የጥንት ገበያ። ሲመለሱ ጮቄን አቋርጠው ሞጣ። ሁለት ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌዎች። ደህና ጉልበት ያላቸው በቅሎዎቹ ብቻ ናቸው። እኔ ጸሐፊ ነኝ አሉ።

ጥድፊያው ለምን? ባሕር ዳር ያየው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው ብሎታል። ግራው ጠፍቷል። ቀኙ መስከረምን ካየ ትልቅ ነገር ነው። ክረምት ሳይገባ ካልሄደ… ለጋሽ ያየህ ግን አልነገራቸውም። «እያዘነልኝ እንዲሄድ ነው?» አለ።

ግንቦት 14

በስልክ ተጨቃጨቁ። እንደ አጯጯሃቸው ከሆነ ስልኩ ትርፍ ነው።

«መነሻችን ቢቸና ነው፣ ከቤቴ» ይላሉ ጋሽ ያየህ።

«የነጋዴው መንገድ በሮብ ገበያ ነው፣ አንተ ሰው።»

«አንተ መንገዱን መቼ አየኸው? በቅሎ ላይ ተኝተህ አይደል የነገድከው?»

መስመሩ ተቋረጠ። አባባ ወደ እኔ ዞረ። «ጻፊለት። ሮብ፣ ግንቦት ሃያ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ሮብ ገበያ ከተማ፣ መናኸሪያው በር ላይ።»

መልእክት ነው የፍርድ ቤት መጥሪያ? እኔ አሳጠርኩት። «እሺ፣ የፊታችን ሮብ ገበያ እንገናኝ። እንድሪስ።» አንዷን ሮብ ለቀኑም ለከተማውም አሠራኋት። የቅኔ ቤት ተማሪዎች ቢሰሙኝ ይቀኑብኝ ነበር።

«ያልኩሽን በሙሉ ጻፍሽ?»

«በሙሉ፣ አባባ።»

መልሱ መጣ። «ድሮስ ምን አልኩህ።» አባባ ሳቀ። «ተሸነፈ ማለት ነው» አለ።

ግንቦት 20

ሮብ ገበያ። ከጠዋቱ ሦስት እስከ ማታ አሥራ አንድ፣ መናኸሪያው በር ላይ። ብርድ። ኔትወርክ የለም። ጋሽ ያየህም የሉም።

አባባ በቅሎ በመጣ ቁጥር ከድንጋዩ ይነሳል። «አባባ፣ እሷ አህያ ናት» አልኩት ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው አልሳቀም።

«ያየህ እንዲህ አያደርግም ነበር።»

ግንቦት 23

ኔትወርክ ተለቀቀ። መጀመሪያ የደወለችው ወይንእሸት፣ የጋሽ ያየህ ልጅ። ስልኩን እኔ አነሳሁት።

«አባቴ ምን ቢበድለው ነው እንዲህ የቀለደበት?»

ጋሽ ያየህ ሮብ ዕለት በቅሎዎቹን ይዘው ቢቸና ገበያ ቆመው ዋሉ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ስንት ነው ይላቸዋል። አይሸጥም፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው ይላሉ። ገበያው ሊበተን ሲል አንዱ ደግሞ ስንት ነው አላቸው። ሸጡ። ሁለቱንም።

ሮብ… ገበያ። «ከተማ» የምትል አንዲት ቃል ብጨምር እጄ ይሰበር ነበር?

ለወይንእሸት «አሞት ነው» አልኳት። ለአባባ ደግሞ «ረስተውት ነው አሉ።» ሁለት ውሸት በአንድ ጠዋት።

«ያየህ ረሳ?» አለ። «እንግዲህ አርጅቷል።»

ግንቦት 26

ምንም አልበላም። እኔም።

ሰኔ 4

ዝናቡ ገባ። ነገርኩት። ረስተው አይደለም አልኩ፣ መልእክቱን አነበብኩለት።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ጥሩ ቅኔ ነው» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ራሱ ደወለላቸው። ተሳሳቁ። እኔን ሰደቡ፣ ደግ አደረጉ። ጋሽ ያየህ «ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲደርቅ በቅሎ እንከራያለን፣ ምን ያስቸኩለናል?» ሲሉ ተሰማኝ። አባባ «ኢንሻአላህ» አለ። ስለ ዓይኑ ዛሬም ምንም።

«እኔ ልንገራቸው?»

«አንቺን መልእክት ይብቃሽ።»

ጥቅምት 8

ቢቸና። በአውቶቡስ። ጮቄን በቀኛችን አድርገን ነው የመጣነው፣ ጠርቶ ነበር። አባባ ምን ይታያል ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም… ምን ብዬ?

ጋሽ ያየህ መናኸሪያ ቆመው ነበር። እኔን በዓይናቸው «ዝም በይ» አሉኝና እጃቸውን ዘርግተው ፊቱ ቆሙ፣ ለቀልድ። አባባ ትከሻዬን እንደያዘ ሊያልፋቸው ሆነ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

«ማነው የቆመው?» አለኝ አባባ።

«ያየህ» አልኩት። ሰው ስም ጠርቶ እንዲህ ያፍራል?

«እሱማ አየኝ» አለ አባባ፣ ፈገግ ብሎ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ነበርኩ በዚህ ስቄ የምወድቀው።

ጋሽ ያየህ እጁን ያዙት፣ አልለቀቁትም። የጠየቁት ግን እኔን ነው።

«መቼ ነው?»

«ነሐሴ መጨረሻ።»

«ግንቦት ላይ ያይ ነበር?»

«ያይ ነበር» አልኳቸው።