የአባባ ኮርኒስና የአየር መዶሻው

የካቲት 4፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬም ዝንጀሮዎቹ ጣሪያው ላይ ናቸው። የጎረቤትን ማንጎ በልተው የእኛን ቆርቆሮ ይረግጣሉ። አንዱ ሲዘል ከአባባ አልጋ በላይ ኮርኒሱን የያዘው ቀጭን እንጨት፣ ሊስቴሎው፣ አንድ ጣት ያህል ወረደ። አባባ ተጋድሞ ያየዋል። ከወደቀ ግንባሬ ላይ ነው የሚያርፈው ይላል። ልኩን ያውቃል፤ የለካው እሱ ነዋ። አልጋውን ላዛውር ብል ተቆጣ። አናጢ ኮርኒስ ያድሳል እንጂ አልጋ አያዛውርም። መርህ መሆኑ ነው።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ኮርኒሱን የመታው እሱ ነው፣ እኔ ልጅ ሳለሁ። ሌላ አናጢ መዶሻ ይዞ እዚህ ቤት አይገባም ብሏል። የራሱ እጅ ደግሞ ከአምና ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ከላይ መዶሻ ባረፈ ቁጥር ምርጊቱ ከታች ይረግፋል። ዝናቡ ሊገባ ነው።

ወደ ሥራ። ረፍዷል።

የካቲት 6፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ት/ቤት

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አሥራ አንድ ተማሪ አለ። ስምንቱ ተኝተዋል። በዚህ ሙቀት የነቁት ሦስቱ ናቸው የሚያሳስቡኝ።

እኔ በስልኬ ስለ አየር መዶሻ አነባለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ነፍስ፣ ስለ መንግሥትና ስለ ፍቅር አንብቤ አንዱንም አልጠገንኩም። ሚስማር ይሻል ይሆናል።

የገባኝ፦ ሽጉጥ ይመስላል፤ ከኮምፕሬሰር በሚመጣ አየር ይሠራል፤ ራስ የሌላት ቀጭን ሚስማር ይተኩሳል። ቤቱን አይነቀንቅም፤ ምርጊቱ ይተርፋል። ደግሞ አፍንጫው እንጨቱ ላይ ካልተጫነ ቃታው አይሠራም። ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ እጅ መጀመሪያ ይደገፋል፣ ከዚያ ይስባል። ይችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። እንዲህ ደጋግሜ ያነበብኩት ነገር ከነበረ ቆየ።

የካቲት 8፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ሲቀላ ገበያ፣ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ወርጄ ተመለስኩ። እግሬ አብጧል።

የሱቋ ባለቤት ወ/ሮ ዘነበች መጀመሪያ ሶፋ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን አመጣች። ያ ሁለት እግር ያለው ሽቦ ነው የሚተክለው፤ ሊስቴሎ ይሰነጥቃል። መለስኩት። ሁለት ቀሩ። አንዱ ቀላል፣ አጭር ሚስማር የሚጎርስ። ሌላው ከባድ፣ እስከ አምስት ሳንቲም የሚተኩስ፤ ሚስማሩ ግን እዚህ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል። የመመሪያው ወረቀት በቻይንኛ ነው። ሥዕሉ ግን ግልጽ ነው፦ አራት ጣት ያለው እጅ።

ባልሽ ነው የሚሠራበት? አለችኝ። ባል የለኝም። እና ማን ነው የሚተኩሰው? አባቴ። ዕድሜውን ጠየቀች። ነገርኳት። መሣሪያውን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው።

በመጨረሻ ራርታ ቀላሉን ለሙከራ ሰጠችኝ። እስከ ሐሙስ። መታወቂያዬ እሷ ዘንድ ነው።

የካቲት 9፣ እሑድ

ጋሎ ከቸርች መልስ ኮምፕሬሰሩን በጋሪ አምጥቶልናል። ከመንገዱ ጥግ ያለው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ እየጠገነና እየነፋ የሚያድር። ጠረጴዛ ላይ ወጣና የመጀመሪያውን እኔ ልሞክር አለ። ሚስማሩ ሊስቴሎውን አለፈ፣ የኮርኒሱን ስስ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶውን፣ አለፈ፣ ቆርቆሮውን መታ። ዝንጀሮዎቹ ከጣሪያው ወረዱ። የዛሬው ብቸኛ ውጤት ይኸው ነው።

ለካ አየሩን የሞላው ከላንቴ ሙዝ ለሚጭኑት መኪኖች ጎማ በሚሞላበት ልክ ነው። ሌላ ልክ አያውቅም። አላፈረበትምም። “ጋሽ ኦይቻ፣ እኔ የሞላሁት ጎማ ላንቴ ደርሶ ይመለሳል!”

አባባ፦ “ልጄ፣ ኮርኒሱ ላንቴ አይሄድም። ቀንሰው።”

ሳቅን። ከብዙ ቀን በኋላ።

ከዚያ የእሱ ተራ ሆነ። ግቢ ውስጥ፣ ቁራጭ እንጨት ላይ። ደብተሬ፣ ይህን ማንም ድረ ገጽ አልጻፈውም፦ አርባ ዓመት መዶሻ ያነሳ ክንድ መጫን አያውቅም። አባባ መሣሪያውን እንደ መዶሻ ወደ ኋላ አነሳና መታበት። ቃታውን እንደሳበ ነው። አፍንጫው ሲያርፍ ተኮሰ፣ ነጥሮ ሲያርፍ ደግሞ ተኮሰ። ጫነው አልነው፤ እሺ አለ፤ ክንዱ ግን ተመልሶ ተነሳ። ሁለተኛዋ ሚስማር በእንጨቱ ጎን ወጥታ ከግራ አውራ ጣቱ አጠገብ ቆመች። ሁላችንም አየናት።

ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። “መሣሪያው ደህና ነው” አለ። “የሌላ ሰው የሆነው እጄ ነው።”

ወዲያው መብራት ሄደ። በኮምፕሬሰሩ በርሜል ውስጥ ለጥቂት ሚስማር የሚበቃ አየር ነበር። ማንም አልነካውም። ጋሎ መክፈቻውን ፈታ። አየሩ ረጅም ጊዜ ወጣ። ኮምፕሬሰሩን ትቶልን ሄደ፤ ሌላ አለኝ፣ አትቸኩሉ ብሎ።

የካቲት 10

 ለአባባ የሽፈራው ቅጠል ያለበት የበቆሎ ኩርኩፋ ሠራሁለት፤ በሹካ አገላበጠው። መሣሪያውን የሚችል ሌላ አናጢ ልጥራ? አልኩት። ይውደቅ አለ። ኮርኒሱን ማለቱ እንደሆነ ልጠይቅ ፈልጌ ተውኩት።

ደክሞኛል። ዛሬ ሌላ የሚጻፍ የለም።

የካቲት 12፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከሥራ መጥቼ ኮምፕሬሰሩን አስነሳሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። መታወቂያዬ ነገ ይመለሳል፣ ከመመለሱ በፊት አንዴ ልሞክረው ያልኩ ይመስለኛል። ቁራጩን እንጨት ሞራሌ ላይ፣ ኮርኒሱን እንደሚሸከመው ባለ ወፍራም እንጨት ላይ፣ አጋደምኩ። ጫንኩ፣ ሳብኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

አባባ ከመኝታ ቤት ጮኸ። “ሦስተኛዋ ሞራሌውን ስታለች!”

አየሁ። ስታለች። እንዴት አወቅህ ብል፣ ባዶ ላይ ስትገባ ድምጿ ቀጭን ነው አለኝ፤ ወጥቶ አጠገቤ ቆሟል። ልጅ ሆኜ መዶሻ ልያዝ ስለው የሴት ሥራ አይደለም ብሎ ሚስማር አቀባይ አድርጎኝ ነበር። ዛሬ ግን ክርኔን በሁለት ጣት ያዘና ትንሽ ከፍ አደረገው። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ክርኔ ግን ጸና። አራተኛዋ ገባች። አምስተኛዋም። ወደ ውስጥ ተመለሰ።

እራቱን ጨረሰ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጠዋት ስነሳ አባባ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ተቀምጧል። የት? ሲቀላ። ለምን? ባጃጅ ጥሪ።

ወ/ሮ ዘነበች ገና ስታየው ከባዱን አወጣች፤ የመለስኩላትን ቀላሉን ግን ወደ እሱ ገፋችለት። ለእርስዎ ይኼ ይሻላል፣ አባቴ፣ አይከብድም አለችው። አልነካውም። ሁለቱንም በክንዱ ወደ እኔ ጠጋ አደረጋቸው።

“ለእኔ አይደለም። ለእሷ እጅ የሚሆነውን ነው የምንፈልገው።”

እሷ እኔን አየችኝ። እኔ መደርደሪያውን አየሁ።

ወደ ላይ አንሺውና ያዢው አለኝ፣ እስኪደክምሽ። ከባዱን አነሳሁ። ሲሚንቶ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ቆሞ ያየኛል። ሃያ ሳልቆጥር ትከሻዬ ለመነ። ቀላሉን አነሳሁ። መቶ ቆጠርኩ፤ ሰውዬው ሰልችቶት ሄደ።

ቀላሉን አልኩ።

ለምን? አለኝ። እንደ አባት አልነበረም አጠያየቁ። አናጢ አናጢን እንደሚጠይቅ ነው። ቀና ብዬ ነው የምሠራው፣ ክንዴ ከዛለ ሞራሌውን እስታለሁ፤ አጭሩ ሚስማር ለሊስቴሎ ይበቃል፣ እዚሁም ይገኛል አልኩት።  ትክክል ነው አለ። ሚስማሩን ሁለት ፓኮ አድርጊው አላት፤ አንዱን ታበላሸዋለች።

ነገ ከሥራ እቀራለሁ። የፈቃድ ቅጹ ላይ “ምክንያት” የሚል ክፍት ቦታ አለ። የቤተሰብ ጉዳይ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሰረዝኩት። “ኮርኒስ” ብዬ ጻፍኩ።