አልጸደቀም

ዓርብ፣ ኅዳር 6 ቀን 1972 ዓ.ም.

የቀበሌው ካድሬ ዛሬ መጣ፤ በክረምቱ ዘመቻ ከተማሪዎቼ ጋር ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ዳገቱ ላይ የተከልነውን ችግኝ ሊያይ። አትክልተኛችን ጋሽ ወልዴ መሸፋፈን አያውቁም፤ እንዳለ ተናገሩ። "ልጆቹ ተቻኩለው ከነላስቲኩ ቀበሩት። አንዱም አልጸደቀም" አሉ።

"መንግሥት ያጸደቀውን ዘመቻ አንተ ማነህና ነው አልጸደቀም የምትለው?" ብሎ በሽጉጡ እጀታ አፋቸውን መታቸው። ደንቆሮ! ቃሉን የሚያውቀው ከስብሰባ ብቻ ነው። "ኧረ ጌታዬ፣ ሥር አልያዘም ማለቴ ነው" ሲሉ ደገማቸው። ጥርሳቸው ከነደሙ የችግኙ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። መሬት ላይ ከወደቁም በኋላ ጎናቸውን በጫማው ረገጣቸው።

ከዚያ ሽጉጡን ወደ እኔ አዞረ። "አንተ የሳይንስ መምህሩ፣ ጸድቋል ወይስ አልጸደቀም?"

የደረቀው ችግኝ እግሬ ሥር ነበር። "ሁሉም ጸድቋል፣ ጓድ" አልኩ፤ ተማሪዎቼ እየሰሙኝ።

ሲሄድልን ጋሽ ወልዴን ላነሳቸው ጎንበስ አልኩ። "ጳውሎስ ሆስፒታል ልውሰድዎት" ስላቸው እጄን ገፍተው ደማቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ።

"ተወኝ ልጄ" አሉኝ። "አንተስ ጸደቅህ።"