ሁለተኛው ጭንብል

ለወንድሜ ለሻውቂ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው፣ የኩዌት ሙቀት ፈወሰው ወይስ አባሰው? የምትበላውንስ ማን ያበስልልሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባባም ዐይን ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ተሽሎታል፤ ያለ መነጽር ግን አሁንም ሰው አይለዩም።

የላክኸው የብየዳ ማሽን ሥራ ጀምሯል። እውነቱን ልንገርህ፣ ገና ሳየው አላመንኩትም። አንድ ሣጥን በኤሌክትሮድም፣ በሽቦም፣ በአርጎንም እበይዳለሁ ሲል፣ ሦስት ሚስት በአንድ ቀን አገባለሁ የሚል ጎረምሳ መሰለኝ። እንደምታውቀው የወንዙ አፍ ነፋስ ጋዙን ስለሚበትነው፣ ጀልባዎቹን ያለ ጋዝ በሚሠራው ሽቦ ነው የምበይደው። እሱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ የሽቦው ገመድ ኔጌቲቭ ላይ፣ የመቆንጠጫው ፖዘቲቭ ላይ ካልተሰካ አይሆንም። አንድ ቀን ሁሉን በሥርዓት ሰክቼ፣ ቮልቱንና የሽቦውን ፍጥነት አስተካክዬ ወደ ዙሁር ሶላት ሄድኩ። ስመለስ ማሽኑ ፍንጣሪ ይረጭ ጀመር፤ የበየድኩትም በመዶሻ ስነካው ተላቀቀ። ባየው ገመዶቹ ተገላብጠዋል። በማግስቱ ደህና ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ያው ሆነ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና የእህታችንን የነጃትን ባል፣ ቀለም ቀቢያችንን ሉጥፊን ጠረጠርኩ። ከመስጊድ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ማዶ ያለው ጋራዥ ቀለም ቀቢ እንደሚፈልግም ሰምቻለሁ፤ ስማችንን አጥፍቶ ሊሄድ ነው አልኩ። ብጠይቀው «ሪዳ፣ አንተ እኮ የገዛ ጥላህንም ትፈትሻለህ» ብሎ ሳቀብኝ። ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ላይ የሚሰግዱት አባባም «ማሽኑ ጂን አለበት ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን ነጃትን «ባልሽን ከሥራ ላስወጣው ነው» አልኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠችም።

ባለፈው ሰኞ ሉጥፊን ከመስጊድ ጀምሬ ኋላ ኋላ ተከተልኩት። በጋራዡ በር ስንጥቅ ሳይ ኤሌክትሮድ የያዙት አባባ ናቸው፤ አንተው ራስህ ሐኪሙን ሰምተህ ብየዳ የከለከልካቸው። ከማሽኑ ጋር የመጣውን ሁለተኛውን ጭንብል አድርገዋል፣ ሉጥፊ ማሰሪያውን ያጠብቅላቸዋል። «ይበቃዎታል አባባ፣ ሪዳ ይመጣል» ይላል። «አንዲት ብቻ፣ ዝም በል» ይላሉ እሳቸው። ሲጨርሱ ማዞሪያውን ወደ ሽቦው መለሱና ለኤሌክትሮዱ ሲሉ የነቀሏቸውን ገመዶች እጃቸው እንዳገኘ ሰኩ። ዕድሜያቸውን በፈጁበት በአሮጌው ማሽን የትኛው ገመድ የት ቢገባ ለውጥ አልነበረውማ። ሉጥፊም በያጅ ስላልሆነ አያውቅም። በአላህ አስምለውት ነው ስድቤን ሁሉ ችሎ የኖረው።

ገብቼ ልጮህ ነበር። ጭንብሉን ሲያነሱ ግን ፊታቸውን አየሁና ሳያዩኝ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ እንደዚያ ደስ ብሏቸው ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። ማታውኑ ዓሣ ይዤ ነጃት ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሉጥፊ በሩን ሲከፍት «ጥላህስ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ?» አለኝ። አፈርኩ፣ ወንድሜ።

አሁን የምጠረጥረው አንተን ነው። እዚህ የምበይደው እኔ ብቻ መሆኔን እያወቅህ ጭንብል ሁለት ለምን ላክህ? የኔው ጭንብል ውስጡ ምንም የለበትም። ሁለተኛውን ገልብጬ ሳየው ግን፣ ከውስጡ ለደከመ ዐይን የሚሆን ማጉያ መስታወት ገጥመህበታል።

እናታችን ፀሎቷን ትልክልሃለች። ነጃት ታርቃኛለች፣ ሰላም ብላሃለች። ሉጥፊም እንዲሁ። አባባ ደግሞ «ለሻውቂ፣ በደንብ ይታየኛል በለው» ብለዋል፤ ምን እንደሚታያቸው ግን አልነገሩኝም።

ወንድምህ ሪዳ
ዒዝበት አል-ቡርጅ፣ ዱምያጥ
ሻዕባን ፲፪