ጋሽ ጎፈሬ እንቁላል ጣለ

ሰኞ

አፍሬያለሁ፤ ግን ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? በዚሁ ዓምድ ስምንት ወር ሙሉ «እንደኔው ላጤ» እያልኩ ያወራሁላችሁ ጋሽ ጎፈሬ ሴት ሆኖ ተገኘ። ሆና ተገኘች ልበል። አንድ የማውቀው የአይሱዙ ሾፌር ጫግኒ ከበቆሎ ጆንያ ሥር አግኝቶ ያመጣልኝ ያ ጸጉራም ትልቅ ሸረሪት። ዛሬ በስልኬ መብራት፣ ቤት ያደረግኩላት አሮጌ የማር ባልዲ ውስጥ ባይ፣ ጥጥ የመሰለ ድቡልቡል ነገር አቅፋ ተቀምጣለች።

ወር ከምናምን ምግብ እምቢ ስትል፣ በድር ራሷን ስታጥር፣ የእንጅባራ ብርድ የመታት መስሎኝ ነበር። የቆላ ልጅ ናት ብዬ ባልዲውን ከእትዬ ዓለም ቤት ጋር ወደሚያዋስነኝ ግድግዳ አስጠጋሁት። እትዬ ዓለም አከራዬ ናቸው። ልጃቸው ፈንታዬ የመጀመሪያዋን እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ ከባሏ አገር ከግምጃ ቤት ከመጣች ጀምሮ፣ ከግድግዳው ወዲያ እሳት ጠፍቶ አያውቅም። ሕፃኗ ዛሬ ሳምንቷ ነው።

ማክሰኞ

ዳንግላ ባዮሎጂ ለሚያስተምሩት ለመምህር አስናቀ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስቴ ተቆረጠ። እሳቸው ታራንቱላ ነው የሚሏት። ከመያዟ በፊት ወንድ አግኝታ ነበር አሉ፤ እንቁላሉ ከመቶ ሊበልጥ ይችላል፤ ሙቀት ያፈጥነዋል። የአራሷ እሳት ሁለት ቤት ሲያሞቅ ነው የከረመው ማለት ነው።

ሲፈለፈሉ የምስር ክክ ያህላሉ አሉኝ። የባልዲው ክዳን ቀርከሃ ነው፣ አየር እንዲገባ ብዬ ራሴ ያሠራሁት። ምስር ቀርቶ ሽንብራ ያሳልፋል። ኮርኒሱም ቀርከሃ ነው። ከእኔ አልጋ እስከ አራሷ አልጋ አንድ ወጥ ምንጣፍ።

ይነክሳሉ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ከግድግዳው ወዲያ የሳምንት ሕፃን እንዳለችም ነገርኳቸው።

«አንቺን አያሳስብሽ። ለሳምንት ሕፃን ግን አልምልልሽም።»

ረቡዕ

ማድረግ ያለብኝ፦ ለእትዬ ዓለም መንገር። ክዳኑን መሸፈን። ባልዲውን ከግድግዳው ማራቅ።

ያደረግሁት መሸፈኑን ብቻ ነው፤ በነጭ ጨርቅ፣ ዙሪያውን በገመድ። ባልዲውን ልገፋው ስል ሁለት የፊት እግሮቿን አንስታ ተነሣችብኝ። ስምንት ወር ያሳደግኋት እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም። ለእትዬ ዓለም ልነግራቸው ደግሞ በራቸው ድረስ ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት የአራስ ገንፎ በሳህን አስያዙኝ። ገንፎውን ይዤ ተመለስኩ። ጣፋጭ ነበር፤ ግማሹን ተውኩት።

ሐሙስ

ፖስታ ቤት ደርሼ ስመለስ ጨርቁ ተፈትቶ፣ ተጣጥፎ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል።

አራስ ጠያቂ በዝቶባቸው ኖሮ እትዬ ዓለም በርጩማ ሊዋሱኝ ብለው ገብተዋል። ቤቴ ቤታቸው ነው፤ ሁሌም ይገባሉ። አገሩ የማር አገር፣ ባልዲው የማር ባልዲ፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ። ለፈንታዬ ገንፎ ጥቂት ልቁረጥላት ብለው ክዳኑን ከፍተዋል።

«ማርሽ እኮ ድር አድርቶብሻል፤ እጄን ልሰድ ብዬ ተውኩት» አሉኝ፣ እያዘኑልኝ።

እጃቸውን አየሁት። 

አርብ

ድቡልቡሉ ተቀዷል፤ እንደ ባዶ ኪስ ተጨማዷል። ባልዲው ውስጥ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ፣ አሥራ አራት። ሌሎቹስ? ምናልባት ከእናታቸው ሥር ናቸው። ምናልባት መጀመሪያውኑ ብዙ አልነበሩም። ቀና ብዬ ኮርኒሱን ሳይ ዋልኩ። ከወዲያ ሕፃኗ ባለቀሰች ቁጥር ከወንበሬ እነሣለሁ።

ቅዳሜ

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ማር አለመሆኑንም። እትዬ ዓለም እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ቀጥለው ኮርኒሱን። ይጮኻሉ ብዬ ነበር፤ ዝግ ብለው ነው የተናገሩት።

«ያንቺም አራስ ናት በይኛ። በዚህ ዝናብ አራስ አላስወጣም። ግን ልጄ ላይ አንዷ ትውደቅና፣ እሷም አንቺም በዚያችው ቀን ትወጣላችሁ።»

ፈንታዬን ሌላ ክፍል እናዛውራት አልኩ። ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሣ አራስ ከቦታዋ አትነቃነቅም አሉ፤ በዚህ ሐሳባቸውን የሚያስለውጣቸው የለም። ስለዚህ ትልቁን ነጠላቸውን ከአልጋው በላይ፣ ከኮርኒሱ በታች፣ አራቱን ጫፍ ይዘን ወጠርነው። ፈንታዬ ከሥር ሆና ሳቀችብን። ለምን እንደሆነ አልነገርናትም፤ አቧራ ነው ተባለች።

እሑድ

እትዬ ዓለም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አብረን ገባን። ነጠላው መሀል ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች።

ጥላሸት ነው አሉ፤ እሳት በሚነድበት ቤት ጥላሸት አይጠፋም። እውነት ነው። እሺ ብዬ ገንፎዬን በላሁ። ስወጣ ግን ዞር ብዬ አየሁ፤ አንደኛው ነጥብ ወደ ጠርዙ የተጠጋ መሰለኝ።

ይህን የምጽፈው ከበራቸው ፊት፣ የተዋሱኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ሕፃኗ ስትነቃ ገብቼ እንደገና አያለሁ። ጥላሸት ከሆነ እነግራችኋለሁ። ካልሆነም እነግራችኋለሁ፤ ያኔ ግን ከየትኛው ቤት ሆኜ እንደምጽፍ እኔም አላውቅ።