ጸበሉ ይስማማት

ሂሪያ ኮ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣

አካም ጂርታ? ነጋ? ፈያ? እናትሽ እትዬ ዘነበወርቅስ እንደምን ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው ወይስ አሁንም ዳገቱን እየረገሙ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት? ወንድሜን ፊራኦልን አደራ አልልሽም፤ ከዓይንሽ እንደማትለዪው አውቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እጄ በበረኪና ስለተላላጠ እስክሪብቶ በደንብ አይዝልኝም፤ መምህራችን ያመሰግኑት የነበረውን የድሮ ጽሕፈቴን ብታጪው አትሳቂብኝ።

በዚህ ዘመን ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትያለሽ። የጊንጪዋ ለንሳ ኮንትራቷን ጨርሳ ከቤይሩት ወደ አገር ልትገባ ነው፤ በእጇ ላክሁልሽ። በስልክ እንዳላወራሽ ድምፄን አላመንኩትም። አንቺም ድምፅሽን ባታምኚው አይደል ሰሞኑን በጽሑፍ ብቻ የምትመልሺልኝ?

እናቴን፣ ሃርሜን፣ በስልክ ካገኘኋት ሰነበትኩ። መጀመሪያ ኔትወርክ የለም አልሽኝ። አምቦ ኔትወርክ ሲጠፋ ብርቅ ነው እንዴ ብዬ አመንኩሽ። ቀጥሎ ጉሮሮዋን አሟት ድምጿ ተዘጋ አልሽ። የሃርሜ ድምፅ ተዘጋ! ገበያ ላይ «ቃሪያ! ጎመን!» ስትል መናኸሪያ ድረስ የምትሰማ ሴትዮ! ይሁን ብዬ እሱንም ዋጥኩት። ከዚያ ግን፣ አንቺ ጉደኛ፣ ምን ብለሽ ጻፍሽልኝ? እናትሽ ወንጪ ቂርቆስ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም።

ወጥ ቤት ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሃርሜ ጸበል! ጌታን ከተቀበለች ጀምሮ በጸበል ጉዳይ ከእናትሽ ጋር በአጥር ላይ ያልተከራከረችበት ቀን አለ? እትዬ ዘነበወርቅ ለወገቧ ብለው በጠርሙስ ያመጡላትን ጸበል «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀብላ፣ ዘወር ሲሉላት ለጓሮ ጎመኗ ያጠጣች ሴት እኮ ናት። ጎመኑ ሲፋፋ ጊዜ እናትሽ «አየሽ የጸበሉን ሥራ!» ብለው የሳቁባትን ረሳሽው? እንደዚያም ሆኖ አንቺ በጾም ስትመጪ ድስት ለይታ በዘይት ትሠራልሽ ነበር።

ሳቄ ሲያልቅ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ደንግጠሽ ነው ያልሽው፣ ገብቶኛል። እናንተ ቤት ሰው ሲታመም ጸበል ይገባል፤ እኛ ቤት ጸሎት ይያዝለታል። ሲጨንቅሽ የራስሽን ቤት ውሸት ነገርሽኝ። አዲስ ዓለም ለጸሎት ጉባኤ ሄዳለች ብትዪኝ ኖሮ እስከ ዛሬ አምኜሽ እቀመጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላውም ሁሉ ይታየኝ ጀመር። በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ጥቁር በጥቁር ለብሰሻል፤ ምነው ስልሽ ፋሽን ነው አልሽ። ጥቁር አያምርብኝም እያልሽ ስትነጫነጪ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም? ፊራኦልም እንዲሁ። በደወልኩ ቁጥር ጫማ ላኪ፣ ስልክ ላኪ ብሎ የሚነዘንዘኝ ልጅ፣ ምንም አልፈልግም፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ አለኝ። ምነው ቢነዘንዘኝ! የዚያ ልጅ ጨዋነት አንጀቴን በጠሰው።

አልተቀየምኩሽም። ለምን እንዳልተቀየምኩሽ ልንገርሽ። እዚህ ሥራዬ የማዳምን እናት መጠበቅ ነው። አሮጊቷ ነገር ሁሉ ይረሳቸዋል። ጠዋት ጠዋት ገላቸውን ሳጥባቸው፣ እናቴ የት ሄደች ይሉኛል። ማዳም እንዳስተማረችኝ፣ ገበያ ሄደዋል፣ አሁን ይመጣሉ እላቸዋለሁ። ደስ ይላቸውና እንደ ሕፃን ጀርባቸውን አዙረው ይሰጡኛል። ይኸው እኔም እንዳንቺ ውሸታም ሆኜልሻለሁ። የሰው እናት እያጠብኩ፣ የኔንስ እናት ማን አጠባት እላለሁ። አንቺ ነሽ። እትዬ ዘነበወርቅም አብረውሽ ነበሩ። አይደል? ተይው፣ አትመልሺልኝ።

ድሮ እኛ ድሃ ነበርን? በአንድ የዩኒፎርም ሹራብ ሁለታችን ተምረናል። አንቺ የጠዋት ፈረቃ፣ እኔ የከሰዓት፤ ሁሉቃ ድልድይ ላይ ተገናኝተን፣ ከላይሽ አውልቀሽ እንደሞቀ ታለብሺኝ ነበር። ብርድ በሆነ ቀን አንቺ በቀሚስ ብቻ እየተንቀጠቀጥሽ ወደ ቤት ትሮጫለሽ። ድህነት ማለት ያ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን ማልቀሻ ቦታ ማጣትን አየሁ። ከኛ በታች ባለው ፎቅ የምትሠራ የጌዶ ልጅ አለች፤ የአባቷን መርዶ በስልክ ነገሯት። ስትጮህ ማዳሟ ጎረቤት እንዳይሰማ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገችው። ከዚያም እንግዳ ስላለ ሰሃኑን ቶሎ እጠቢ አለቻት። ልጅቷ እያጠበች አለቀሰች። እኔ መርዶዬን እንዲያ አልረዳም። እምቢ!

የኦቦ ኦሊቃ ልጅ ከጅዳ የመጣች ጊዜ ትዝ ይልሻል? እናቷ ካረፈች ከርማ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ የማታውቀው እሷ ብቻ። እራቷን አብልተው አስተኟት፤ ሲነጋጋ ሽማግሌውም ሴቱም ግቢውን ሞልቶ ጠበቃት። ሃርሜ መሬት እንዳትፈጠፈጥ ወገቧን ግጥም አድርጋ ይዛት ነበር፤ እናትሽ ደግሞ ፊቷን በውሃ ያብሱላታል። ያኔ አንቺና እኔ፣ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ይደብቋታል፣ ጨካኞች ብለን ተናደን ነበር። ልጅ ነበርንና ምን እናውቃለን። ለካ ሰው እስኪደርስላት ነበር የጠበቋት።

እኔም እንደዚያ ነው የምፈልገው። ስለዚህ እባክሽ ውሸትሽን እንዳትተዪው። ኮንትራቴ አልቆ አገሬ እስክገባ ያዢልኝ። ስደውል፣ ሃርሜ እንዴት ናት እልሻለሁ፤ አንቺም፣ ጸበሉ ተስማምቷታል በዪኝ። እሷ ብትሰማን ሁለታችንንም በጥፊ ትለን ነበር። የመጣሁ ዕለት አብልተሽ አስተኚኝ። ሲነጋጋ ጎረቤቱን ጥሪልኝ፣ እትዬ ዘነበወርቅ ይምጡ፣ የቸርቻችን ሰዎችም መጥተው ይዘምሩላት። ወገቤን ግን አንቺ ያዢኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይዘኝ። ያን ጊዜ ንገሪኝ፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው አገር እስኪሰማኝ እጮሃለሁ። እስከዚያ እኔ የማውቀው ነገር የለም።

ይህን ወረቀት ፊራኦል ሳያየው ቅደጂው። እሱም ደብቄአታለሁ ብሎ ነው የሚያስበው፤ ልጁን አታስደንግጪብኝ። የጓሮው ጎመንም እንዳይደርቅ። ውሃ ከጠፋ ጸበልም ቢሆን አጠጪው፣ ለምዶታል።

እናትሽን ፈጣሪ ያቆይልሽ። ክፉ አይንካችሁ፤ ደጃችሁ ሰው አይጣ። ሃርሜን ደግሞ ጉንጯን ሳሚልኝ። ልጅሽ ደህና ናት፣ እኔ እስክመጣ ከጸበሉ እንዳትወጪ ብላሻለች በያት።

ሹራብሽን እንደሞቀ የለበሰችው
እህትሽ