በሰንዱቅ ተራዬ የገዛሁት ሰማይ

ሰኞ

ግራ ጉልበቴ ዳቦ አክሏል፤ ደስ ብሎኛል! ከደረጃ ወድቄ ቢሆን አለቅስ ነበር። ይሄ ግን ባለፈው ዓርብ ከአውሮፕላን ዘልዬ ያመጣሁት ነው። እማዬ አይታው "ምን ሆነሽ ነው?" ብትለኝ "ከሪክሻ ስወርድ" አልኳት። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፣ ከሆነ ነገር ላይ ወርጃለሁ።

አንድ ዝላይ ቀረኝ። የፊታችን ዓርብ ጠዋት ዘልዬ፣ ሜዳው ላይ በኖራ በተሰመረው ክብ ውስጥ ካረፍኩ ሩኽሳው የኔ ነው። የዝላይ ፈቃድ። ዘንድሮ የፓራሹት ክለቡ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ሴቷ እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን መጻፍ አይሰለቸኝም።

ወጪውን አንዴ ልዘርዝረውና ይውጣልኝ። የትምህርቱ ክፍያ። የፓራሹት ኪራይ። የሐኪም ወረቀት። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ (ከኦምዱርማን ገበያ፣ ያገለገለ፣ ሻጩ እስኪያማርር ተከራክሬ)። በየዝላዩ የአውሮፕላን መቀመጫ። ከተመዘገቡት አንዱ ከቀረ ደግሞ የሱን መቀመጫ የመጣነው እንካፈላለን። ባለፈው አንዱ አጎቱ ሞቶበት ቀረ። አላህ ይዘንላቸው እንጂ እኔም የራሴን ኀዘን አዝኛለሁ።

ይህን ሁሉ የቻለው የሰንዱቅ ተራዬ ነው። ሰንዱቅ እዚህ ካርቱም ዕቁቡን የምንጠራበት ስም ነው። የኛ የአል-ሳሃፋ ሰፈር ሰንዱቅ አባላት የወሎ ሴቶች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ እማዬ ናት። ችግሩ ደንቡ ነው። ተራ የደረሳት በሚቀጥለው ስብሰባ የገዛችውን ይዛ ትመጣለች። ብዙውን ጊዜ የወርቅ አምባር ነው። ክንዷን ከፍ ታደርጋለች፣ እልል ይባልላታል፣ ትመረቃለች። ባዶ እጇን የመጣች እስከዛሬ የለችም።

የኔ ተራ ማሳያ ዓርብ ከሰዓት ነው። ምን ይዤ ልሂድ?

ማክሰኞ

የሰንዱቃችን አባል እትዬ ዘሐራ ኮምቦልቻ እህታቸው ጋ ሊደውሉ ወደምሠራበት ስልክ ቤት መጡ። በሳሃፋ ከእትዬ ዘሐራ ድምፅ የሚበልጥ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። ከስልኩ ሳጥን ወጥተው ክንዴን ያዝ አደረጉና "የታለ ወርቁ? ስንት አምባር ወጣው?" አሉኝ።

"ዓርብ ያያሉ፣ ኢንሻአላህ" አልኩ።

"ማሻአላህ፣ ደበቀችው! ከባድ ነው ማለት ነው።"

ከባድስ ከባድ ነው። ጀርባዬ ያውቀዋል።

ለምን ጀመርሽው የሚለኝ ሰው ቢኖር አባቴን ጠይቁት እል ነበር፣ እሱ ግን የለም። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ትንሽ ልጅ ሆኜ ሶባ መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ከሰማይ የሚወርዱ ሰዎች አሳየኝ። "ስንት ይከፈላቸዋል?" አልኩት። "እነሱ ናቸው የሚከፍሉት!" ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከፍሎ የሚወድቅ ሰው መኖሩ ያን ቀን ከአእምሮዬ ገብቶ አልወጣም።

ረቡዕ

ለእማዬ ነገርኳት። የሽንኩርት ልጣጭ እየለቀመች ነበር፣ መልቀሟን አላቆመችም።

"ስንት ጊዜ ዘለልሽ?"

"የመጨረሻዋ ብቻ ነው የቀረችኝ።"

"እና እስካሁን አልሞትሽም።"

"አልሞትኩም።"

የሚመጣውን ጩኸት ስጠብቅ "ከላይ ሶባ ሆስፒታል ይታያል?" አለችኝ። ሁለታችንንም የወለደችበት ነው፣ እኔንና ወንድሜን። "ይታያል፣ የክብሪት ሳጥን ነው የሚያክለው" ስላት ለራሷ ፈገግ አለች። ቁጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመዝለሌም አልነበረም።

"ተራሽን በላሽው! እኔ ሰብሳቢያቸው ሆኜ የገዛ ልጄ ምን ልታሳያቸው ነው? አየር?"

እውነትም አየር ነው።

እራት በልተን ሳህኑን ሳነሳ ፍርዷን ሰጠች፤ "ዕቃው ቤት የማይመጣ ከሆነ ቤቱ ወደ ዕቃው ይሄዳል። ዓርብ ስብሰባው ሜዳው ላይ ነው። ሃይስ እንኮናተራለን።" እማዬ እንዲህ ናት። መተማን በእግሯ የተሻገረች ሴት፣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሴት ማንቀሳቀስ ምኗም አይደለም። ኮራሁባት።

ኀሙስ

ሀቡብ ተነስቶ ከተማው በአቧራ ቀይ ሆኖ ዋለ። ነገም እንዲህ ከሆነ በረራ የለም። ስልክ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰማዩን በዓይኔ ስገፋው ዋልኩ።

አመሻሹ ላይ ጠራ፤ ክለብ ሄጄ ተለማመድኩ። አሠልጣኛችን ሙደሪብ ዑስማን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ ሲናገሩ አሁንም ጢማቸው ሰልፍ ይይዛል። የመጀመሪያ ሰሞን ከኔ ጋር ተጣልተው ነበር። ከበሩ ስትወጪ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፣ ቆጥረሽ ስትጨርሺ ፓራሹቱ መዘርጋቱን ቀና ብለሽ እዪ ይሉኛል። እኔ ግን ስደነግጥ ከአፌ የሚወጣው ፋቲሓ ነው። እስከ መጨረሻው ካልቀራሁ ደግሞ አላቋርጥም! "ያ ቢቲ፣ አንቺ ልጅ፣ አሚን እስክትዪ መሬት ይደርሳል!" ብለው ጮኹብኝ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ፋቲሓው አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ቁጥሩ ውጭ።

ዛሬ ስሰናበታቸው "ክቡ ውስጥ፣ ሁለት እግር። ከኖራው ውጭ ካረፍሽ ዝላዩ አይያዝልሽም፣ ዘመድም ቢመጣ" አሉ። ዘመድ እንደሚመጣ ነግሬያቸዋለሁ። ስንት እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ዓርብ

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ፋቲሓዬን ቀራሁ፣ ወጣሁ፣ ቆጠርኩ፣ ቀና ብዬ አየሁ፤ ፓራሹቱ ተዘርግቷል። ዝምታው መጣ። ያንን ዝምታ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ሁለቱ ዓባዮች ሲገናኙ ከላይ ሳይ ደረቴ ይሞላል። ክቡን አገኘሁት፣ ገመዶቼን ስቤ አስተካከልኩ፣ ነፋሱም ከኔ ጋር ነበር። ልገባበት ነበር።

ያኔ ነው ሴቶቹ የሮጡት።

እትዬ ዘሐራ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ የተጠቀለሉበትን ቶብ ጫፍ ለሁለት ለሁለት ይዘው ዘርግተው፣ እልል እያሉ። ሊቀበሉኝ! ሙሽራ በባዶ መሬት አትወርድም አይደል? ክቡን ሞሉት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ቶብ፣ ኖራው ጠፋ። ሙደሪብ ዑስማን በፉጨትም በእጅም ያባርሯቸዋል፣ እነሱ ደግሞ የሚያጨበጭቡላቸው መስሏቸው እልልታውን ያደምቁታል።

"ሽሹ!" ብዬ ጮህኩ። በአማርኛም በዓረብኛም። ማን ይሰማል።

የግራ ገመዴን ሳብኩና ከእሾሁ ዳር ወረድኩ። ማንም አልተነካም። ክቡ ሩቅ ቀረ።

ሙደሪብ መጡ። "ወደ ሰው አለመምጣትሽ ትክክል ነው። ሩኽሳው ግን አይሰጥም።" እትዬ ዘሐራ ነገሩ ሲገባቸው ኦምዱርማን ቲማቲም እንደሚገዙ ተከራከሩ። "ወላሂ ጥፋቱ የኛ ነው! ክቡን ትንሽ ወደዚህ አስፉትና ይለቅ፣ ኖራውን እኛ እንገዛለን!" ሰውየው አልተበገሩም። "ኸላስ፣ በቃ" አሉ፤ ሌላ ዝላይ፣ ሌላ ክፍያ።

የምከፍለው አንዲት ጉሩሽ የለኝም።

ቅዳሜ

ሥራ ሄድኩ። እትዬ ዘሐራ በሩ ላይ ደርሰው ተመለሱ፤ እሳቸው አፍረው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ልቆጣቸው ፈልጌ አልሆነልኝም። ያ ሁሉ ቶብ ለኔ ነው የተዘረጋው።

ማታ እማዬ ፖስታ ይዛ መጣች። የዚህ ወር ተራ የሷ ነበር። የጓዳችን ጣሪያ ከዝናቡ በፊት ሊታደስበት ከዓመት በፊት የታሰበ ገንዘብ ነው።

"አልቀበልም" አልኳት።

"ማን ጠየቀሽ? ጣሪያው ያፈሳል፣ እናውቀዋለን። አንቺ ግን ትናንት ከዚያ ላይ ስትመጪ አይቼሻለሁ። ሃያ ዓመት የሰው ቤት ወለል ሳጸዳ ወደ ታች ነበር የማየው። ትናንት ቀና ብዬ ማጅራቴ እስኪያመኝ አየሁ።" ከዚያ እንደ ልማዷ "ያላ፣ እራት ይቀዘቅዛል" አለች።

አለቀስኩ። ለዚህ እንኳ አላፍርም።

ዓርብ

ሁለት እግር። መሐል ክብ። አልሐምዱሊላህ!

ሴቶቹ በገመድ ከተከለለ ቦታ በስተኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ሙደሪብ ራሳቸው ናቸው ገመዱን የዘረጉት፣ ፊታቸውም የቆሙት። እትዬ ዘሐራ የቶባቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ነክሰው እልልታቸውን ይዘውት ነበር። እግሬ ኖራውን ሲነካ ለቀቁት። ሙደሪብ ዑስማን ጆሯቸውን ይዘው ሲስቁ አየሁ።

ሩኽሳዋ ትንሽ ናት፣ ፎቶዬም አስቀያሚ ነው። እማዬ ማንበብ ስለማትችለው ዓረብኛውን እንዳነብላት አደረገች፣ ሁለት ጊዜ። ባለፈው ዓርብ ሳይካሄድ የቀረው ስብሰባ እዚያው ሜዳ ላይ ተከፈተ። "የልጄ ተራ፣ ከላዩም የኔ ተራ" አለችና ቀኝ ክንዴን ይዛ ወደ ላይ አነሳችው። አምባር የለበትም፣ አቧራ ብቻ። ባዶ ክንዴን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቆየች። እልልታው ሶባ ሳይሰማ አልቀረም።

ቅዳሜ

ሌሊት ዘነበ። ጣሪያው እንደተጠበቀው ነው፤ ሩኽሳዬን በፌስታል ጠቅልዬ ትራሴ ሥር አስገባኋት። ጠዋት እትዬ ዘሐራ ባልዲ አምጥተውልን "የኔ ድርሻ ነው" አሉ።

አሁን ጥያቄው ሌላ ነው። ካልዘለልኩበት ሩኽሳው ይሰረዛል፣ ለመዝለል ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ተራዬ ደግሞ እንደገና እስኪደርስ ዓመት ያልፋል። ጣሪያውስ? አላውቅም። አላህ ያውቃል።

ከሰዓት እትዬ ዘሐራ ኮምቦልቻ ደወሉ። የሳጥኑ በር ተዘግቶም መንገድ ድረስ ይሰማል። "የሰብሳቢያችን ልጅ ከሰማይ ዘላ ወረደች! በዓይኔ ነው ያየሁት!" ወዲያ ማዶ እህታቸው የሆነ ነገር ጠየቁ መሰለኝ።

"ወርቅማ ማንም አለው" አሉ እትዬ ዘሐራ።

ሲወጡ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ሂሳብ አልተቀበልኳቸውም።