የእታለም ድንጋይ

ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ
እሑድ፣ መስከረም 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም የወይንሐረግ
ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከእግሬ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ሕመሙም የምኮራበት ስለሆነ እንዳትጨነቂ። ለአዲስ ዓመት የላክሽው ጥቅል ደርሶኛል። ሹራቡ ልክ ሆነኝ። ሳሙናዎቹን ለጋሼ ሀብተሥላሴ ባለቤት ሰጠኋቸው፤ ከሆቴልሽ ያመጣሽውን ቸኮላት ግን ለማንም አልሰጠሁም። ደብዳቤ ይኖረው ይሆናል ብዬ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ገልብጬ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ወንድማችን ንዋይ በብስክሌቱ ወደ አንቺ ሲመጣ በዚያ ዝናብ መኪና ገጭቶ ከገደለው በኋላ፣ «ያቺን ብስክሌት ወንዝ ውስጥ ጣላት» ብለሽኝ ነበር። እኔም «ጥያታለሁ» አልኩሽ። አልጣልኳትም። ከዙሪክ በባቡር ሲልኳት የፊት ጎማዋ ተጣጥፎ፣ ጎማውን የሚይዘው ብረት ጠምሞ ነበር። ጋሼ ሀብተሥላሴ የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ደብቄ፣ ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር ስጠግናት አሥር ወር ያህል ሆነኝ። የጎደላትን ሁሉ ከፕላንፓሌ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ለቃቅሜ አሟላሁ። ትናንት ቅዳሜ ነዳኋት። ፈረንሳይ ድረስ ነዳኋት፤ ተመለስኩም።

አሁን ልትቆጪ እንደሆነ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝና ከዚያ ተቆጪ።

ነገሩ የጀመረው በፍልሰታ ነው። ቅዳሴ እንዳለቀ ቄስ ወልደሥላሴ ጠሩኝና የዘቢቡን ማሰሮ ከፍተው አሳዩኝ። ባዶ ነው።

«የወንድምህ ዘቢብ አለቀ» አሉኝ።

እንደምታውቂው እሳቸው የሱቅ ዘቢብ ለቁርባን አያስነኩም፤ ዘይት የተቀባ ነው ይላሉ። ለዚህ ነው ንዋይ በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን ወደ ፈረንሳይ ኮረብታዎች በብስክሌት እየሄደ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት ወይን ከአንዲት አሮጊት ጓሮ እያመጣ፣ እያደረቀ የሚሰጣቸው። እሱ ከሞተ በኋላ እንኳን እስከ ፍልሰታ ድረስ የተቀደሰው እሱ ባደረቀው ዘቢብ ነበር።

«ለሙት ዓመቱስ?» አልኳቸው።

«ፍትሐት እናደርሳለን። ቅዳሴው ግን በምን?» አሉና ማሰሮውን ከደኑት።

ሙት ዓመቱ ኅዳር 8፣ ዘንድሮ እሑድ ይውላል። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ለአራት ዓመት በእሱ ዘቢብ ሲቆርብ ኖሮ፣ ለእሱ ቀን ቅዳሴ ሊታጣ ነው። ይኼን ልቀበለው አልቻልኩም። «እኔ አመጣለሁ» አልኩ።

ቄሱ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በምን?»

«በእግሬ።»

ይኼ እንኳን ውሸት አይደለም፤ ፔዳልም የሚመታው በእግር ነው።

ንዋይ መንገዱን ደብተር ላይ ጽፎት ነበር። ችግሩ አጻጻፉ ነው። ከፈረንሳዮቹ ቦታዎች የአንዱንም ስም አልጻፈም። ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ድልድዩን ሁሉ በአዲስ አበባ ነው የሰየመው። «ድንበሩን ስታልፍ አስፋልቱን ተው። በወይን ማሳዎቹ መሐል የሚሄደውን ኮረኮንች ያዝ» ይላል። እስከዚህ ገባኝ። ቀጥሎ «እንደ አፍንጮ በር ያለ ዳገት ይመጣል። ጫፉ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ እንደሚወርደው ያለውን ተው» ይላል። እኔ ከአዲስ አበባ ስወጣ አምስት ዓመቴ ነበር። ደርግ አባባን ከወሰደ በሦስተኛው ወር አንቺ እጄን ይዘሽ አውሮፕላን ላይ ስታወጪኝ፣ ከከተማው የቀረልኝ የአጥራችን አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው። አፍንጮ በርን ከየት ላምጣው?

አንቺ ስልክ አታነሺም። ስለዚህ ደብተሩን ለጋሼ ሀብተሥላሴ ሰጠኋቸው። ማዘጋጃ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ካርታ ሲነድፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ሳህን ሲያጥቡ ጡረታ ወጡ። አደባባዩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ሲያነቡ ቆዩና ተናደዱ።

«ይኼ ልጅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀጣፊ ነበር። አፍንጮ በር ይኼን ያህል አይረዝምም። የለካሁት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ እንደ አፍንጮ በር ያለ ነው እንጂ ራሱ ነው እኮ አላለም።»

«እንደሱ ያለውም አይረዝምም።»

ሦስት ቅዳሜ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥን። በቀኛቸው የፈረንሳይ ካርታ፣ በግራቸው ነጭ ወረቀት። አዲስ አበባን ከራሳቸው እያወጡ ይነድፉልኛል፤ ይኼ ዳገት ይህን ያህል ያጋድላል፣ ይኼ መታጠፊያ ወዲህ ይዞራል እያሉ። ከዚያ እሱን የሚመስል ፈረንሳይ ካርታ ላይ እንፈልጋለን። «ፈረንሳይ ሌጋሲዮን» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን እርሳሱን ጣሉት። «ፈረንሳይ አገር ገብቶ ፈረንሳይ ሌጋሲዮንን ይፈልጋል!» ብለው ሳቁ። ትራም የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩን። ንዋይ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ አልተገኘም። ከመጨረሻው ቁልቁለት በፊት እንዲህ ይላል፦ «የእታለም ድንጋይ። እዚህ ሳያርፉ ማለፍ ክልክል ነው። ከዚህ ወደ ቀኝ።»

ጋሼ ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «እታለም የሚባል ሰፈር የለም። ድንጋይም የለም። ከመርካቶ እስከ የካ ማልልኝ ብትለኝ እምላለሁ።»

እታለም አንቺ መሆንሽን እኔ አውቃለሁ። ድንጋዩ የት እንዳለ ግን ከአንቺ በቀር ማን ይነግረኛል ብዬ የዚያን ዕለት ደወልኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ጠራ።

ትናንት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ጥቁሩን ሸሚዜን ለብሻለሁ፣ የጉዞ ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ነው፣ የእንጨት ሳጥን ከኋላ አስሬያለሁ። ድንበሩን በኬላው በኩል አለፍኩ፤ ወረቀቴን አይተው መለሱልኝ። ከዚያ ኮረኮንቹ ጀመረ። በግራም በቀኝም ወይን ነው፤ ጤዛው ገና አልረገፈም፣ ለቃሚዎቹ ባልዲያቸውን ይዘው እየወጡ ነው። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ ቅጠሉን ይመታል።

አፍንጮ በር መጣ። እታለም፣ ጋሼ ሀብተሥላሴ ይቅር ይበሉኝና ይረዝማል። ደብተሩ «ሁለተኛ ማርሽ። ከኮርቻው አትነሣ» ይላል፤ እኔ ቸኩዬ ተነሣሁ። የኋላ ጎማዬ ጠጠሩ ላይ ተሽከረከረና ከነብስክሌቴ ወይን ውስጥ ገባሁ። አንዲት ለቃሚ «ዛሬ አንተን ነው የምንለቅመው?» ብላ ጮኸችብኝ። ወደ ታች ወርጄ እንደገና ጀመርኩ፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ከፊት ጎማዬ አንድ ሜትር ላይ ተክዬ። እግሬ ዛለ እንጂ አልቆመም። ጫፉ ላይ ስደርስ ወደ ኋላ ብመለከት ያ ሁሉ ኮረብታ ከሥሬ ነበር፤ ራቅ ብሎ ሐይቁ ይታያል። የጠገንኳት ብስክሌት ናት እዚያ ያደረሰችኝ። ጮህኩ፤ የመለሰልኝ ውሻ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጋሼ በነደፉልኝ ወረቀት ቀበናን ተሻገርኩ፣ ፈረንሳይ ሌጋሲዮንን ወጣሁ። አንዱም አላሳተኝም። የመጨረሻው መንታ ጋ ስደርስ ግን ድንጋይ ፈልጌ አጣሁ። ስለቸኮልኩ ድንጋዩ ገና ወደፊት ነው ብዬ ግራውን ያዝኩና ድንጋይ ፈልፍለው የሚያወጡበት ጉድጓድ ጫፍ ላይ ወሰደኝ፤ መንገዱ እዚያ ያልቃል። ያን ሁሉ ዳገት ብስክሌቷን እየገፋሁ ተመለስኩ። መንታው ጋ ካቴናው ወለቀ። ተስፋዬም አብሮ ሊወልቅ ምንም አልቀረውም። ካቴናውን ልመልስ ብዬ መንገድ ዳር፣ ቁጥቋጦ የሸፈነው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጎንበስ ስል ከስንጥቁ ውስጥ ወርቅማ ነገር አብለጨለጨ።

የቸኮላት ልባስ ነው። አራት ናቸው፤ ንዋይ ወረቀት እንደሚያጥፈው አራት ማዕዘን ሆነው ታጥፈዋል። ፈታኋቸው። ያንቺ ሆቴል ስም አለባቸው፤ ኦፕፊኮን፣ ሥራሽ ቦታ፣ እንግዶቹ ትራስ ላይ የምታስቀምጪው፣ በየጥቅሉ የምትልኪልን። አራት ዓመት፣ አራት ልባስ። ከላይኛው በቀር ቀለማቸው ለቋል።

በዚያ ደብተር ውስጥ አዲስ አበባ ያልነበረው ያ ቦታ ብቻ ነው። ጋሼ ሀብተሥላሴ እንዴት ያግኙት?

እኔም ኪሴ ውስጥ አንድ ነበረኝ። ቀልጦ ነበር፤ ጣቴን እየላስኩ ጨረስኩት። ልባሱን አጥፌ ከአራቱ ጋር አስቀመጥኩና ካቴናውን መልሼ ወደ ቀኝ ወረድኩ።

አሮጊቷ ማዳም ዤርሜን በራቸው ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ ብስክሌቷን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«ረጅሙስ?» አሉኝ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በቀትር ብቻዬን ነበርኩ። ጥቁር ሸሚዜን አዩት። የአፈር ጓንታቸውን አንድ በአንድ አወለቁ፣ ትከሻዬን ያዙኝ። ከዚያ «መቀሱ ከበሩ ጀርባ ነው» አሉኝ።

ጓሯቸው ተለቅሞ አልቋል፤ የመጨረሻው ረድፍ ብቻ ሳይነካ ቆሟል። ወፎች ጫፍ ጫፉን በልተውታል። «ለቃሚዎቹ ሳቁብኝ» አሉ። «ተዉት፣ ይመጣል አልኳቸው።»

አብረን ለቀምነው። አሥራ አራት ኪሎ፣ ጥቁር፣ እጅ የሚሞላ ዘለላ። ሳጥኑ ውስጥ ጭድ አነጠፉልኝ። ደብተሩ «ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከብስክሌቱ ወርደህ ግፋ፤ ወይኑ ይጨፈለቃል» ስለሚል ቁልቁለቱን ሁሉ እየገፋሁ ሄድኩ። ድንበሩ ላይ አንድ የጉምሩክ ሰው ሳጥኑን ከፈተ።

«ይኼ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለቤተ ክርስቲያን።»

«የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ጠርሙስ አይገዛም?»

«ቄሳችን አስቸጋሪ ናቸው» አልኩት።

«የእኛም» አለና ክዳኑን ራሱ መለሰው።

ፕላንፓሌ ስደርስ ጋሼ ሀብተሥላሴና ቄስ ወልደሥላሴ አግዳሚው ወንበር ላይ ነበሩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ናቸው አሉኝ። ቄሱ አንድ ዘለላ አንሥተው ወደ ፀሐይ አዩት። ፍሬ በፍሬ አዩት። «ቅዳሴ አለን» አሉ። እዚያው፣ ትራሙ እያለፈ፣ የጋሼ ባለቤት እልል አሉ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ሰዎች አጨበጨቡልኝ፤ ምን እንዳሸነፍኩ አያውቁም። ጋሼ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አፍንጮ በር እንዴት ነበር?»

«ይረዝማል፣ ጋሼ።»

«አይረዝምም» አሉና አቀፉኝ።

ይኼን ስጽፍልሽ ዘለላዎቹ ከራሴ በላይ ክር ላይ ተንጠልጥለዋል። ክፍሉ ሁሉ ወይን ወይን ይሸታል። ሰባት ሳምንት አላቸው፤ ይደርሳሉ።

እናትም አባትም ሆነሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና ላዝሽ አልችልም። ለአርባውም ለሰማንያውም አልመጣሽም፤ አልጠየቅሁሽም፤ አሁንም አልጠይቅሽም። ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ጣቢያ እጠብቅሻለሁ። ብስክሌቷን ይዤ እመጣለሁ። አልነዳትም፤ ሻንጣሽን እላይዋ ጭነን እየገፋን አብረን እንሄዳለን። ለድንጋዩ አንድ ቸኮላት ያዢ። ልባሱን ለከርሞ እኔ አደርስልሻለሁ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ደረቅ፣ ሰማይሽን ብሩህ ያድርግልሽ። የንዋይን ነፍስ ያሳርፍልን።

ንዋይ «ና» ብለሽው አንድ ቀን ቀርቶብሽ አያውቅም። አሁን እኔ «ነይ» እያልኩሽ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
ኅሩይ